«ግባ ካላሉኝ አልገባም» የሚልን ገዳይ እንግዳ መቀበል ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ አጥቢያችን ቅድስት ሥላሴ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ቫምፓየር የሚሉትን የደም መጣጭ ታሪክ በተከታታይ ፊልም ታያለች። ደም መጣጩ ክፉ አይመስልም። በሠራው ያለቅሳል፣ መግደልም አይፈልግም፤ ረኃቡ ሲነሣበት ግን የሚወዳትን እንኳ አይምርም። ደግሞ ባለቤቱ «ግባ» ካላለው ደጃፍ አያልፍም። አንድ ማታ ልጄ «እማዬ፣ እኛ ቤት መጥቶ ቢለምንሽ ታስገቢዋለሽ?» አለችኝ። «አላስገባውም» ስላት «ታዲያ አብርሃም እንግዳ ይቀበል አልነበር? በላዔ ሰብ እንኳ ምሕረት አግኝቶ የለም?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ ያመመኝ በሌላ በኩል ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲጠጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ባለፈው ዓመት ቤቴ አድሮ ሌሊት ቢላ አነሣብን፤ ጠዋት እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አላስገባውም። ከደጅ ሆኖ ሲጠራኝ እየሰማሁ ዝም እላለሁ። በድዬ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅዎ ያነሣችው ጥያቄ «የልጅ ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፊልም እያየች አብርሃምንና በላዔ ሰብን ማስታወሷ የሰማችው ትምህርት ልቧ ውስጥ መግባቱን ያሳያል። ስለዚህ ከእርሷ እጀምራለሁ፤ ወደ ወንድምዎ እመለሳለሁ።

ከመቃብር እየተነሣ የሰው ደም የሚጠጣ ሙት የለም። ታሪኩ ከምሥራቅ አውሮፓ መንደሮች የመጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች በአንድ የሰርቢያ መንደር መቃብር አስከፍተው ሬሳ እስከ መመርመር ደርሰው ነበር። የመንደሩ ሰዎች ሆዱ ያበጠ፣ በአፉ ደም የወጣ፣ ጥፍሩ ያደገ የሚመስል ሬሳ ሲያዩ «ሌሊት እየወጣ ሲጠጣ ነው» አሉ። ሬሳ ሲፈርስ ግን ሆዱ በጋዝ ይነፋል፣ ፈሳሹ በአፍና በአፍንጫ ይወጣል፣ ቆዳው ሲኮማተር ጥፍሩ የረዘመ ይመስላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው በእኛም አገር «ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል» እየተባለ ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ ብዙ ዘመን ስለተገፉ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ልጅዎ ከፊልሙ ተነሥታ ማንንም ጎረቤት በዚያ ዓይን እንዳታይ አደራ።

ደም መጣጩ ፈጠራ ነው፤ የልጅዎ ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። «ላድርገው ሳይል የሚገድለኝ፣ የሚያሳዝነኝ ሰው ደጄን ቢመታ ምን ላድርግ?» ነው የምትለው።

አብርሃምን በተመለከተ በደብራችሁ ሐምሌ 7 የሚነገረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሰይጣን በአብርሃም እንግዳ ተቀባይነት ቀንቶ ራሱን ፈንክቶ መንገድ ላይ ተቀመጠ፤ መንገደኛውን ሁሉ «አብርሃም እንዲህ አደረገኝ» እያለ መለሰው። አብርሃም እንግዳ ሲያጣ «ያለ እንግዳ አልበላም» ብሎ ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ፤ ከዚያ ሥላሴ በመምሬ ዛፍ ሥር በእንግዳ አምሳል መጡለት። ጥጃ አረደ፣ እርጎና ወተት አቀረበ፣ ራሱም ቆሞ አሳለፈ። የቀረበው እንግዲህ ከቤቱ ያለው ምግብ ነው። በእኛም ባህል መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል ሰው እንጀራችንን ይበላል፣ መደባችን ላይ ያድራል። እኛን ግን አይበላም።

ልጅዎ ከዚያው ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19ን እንድታነብ ያድርጉ። በዚያው ቀን ምሽት ሁለት መላእክት ሎጥ ቤት በእንግድነት ገቡ። የሰዶም ሰዎች ቤቱን ከበው እንግዶቹን አውጣልን ሲሉ፣ ሎጥ ተጨንቆ በእንግዶቹ ፈንታ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ሊሰጣቸው አለ። ይህ ክፍል ሲነበብ ዘወትር ልቤ ይቆስላል። እንግዳን እጠብቃለሁ ሲል ልጆቹን አሳልፎ ሊሰጥ ነበር። ያን ጊዜ መላእክቱ እጃቸውን ዘርግተው ሎጥን ወደ ውስጥ ሳቡት፤ «መዝጊያውንም ዘጉት» ይላል። በሩን የዘጉት መላእክት ናቸው! እንግድነትን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የእንግዳ መቀበያው በር እና የልጆች መጠበቂያው በር አንድ በር ነው። ያን ምሽት መዘጋት ነበረበት፤ ተዘጋ።

በላዔ ሰብ ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት፤ የልጅዎ ርኅራኄ ያረፈው እዚያ ላይ ነውና፣ ርኅራኄዋን አያጥፉባት። በላዔ ሰብ 78 ሰው የበላ ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ የገዛ ቤተሰቡ አሉበት። በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ፣ ውኃ የጠማው ድኃ አገኘ። ድኃው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለ። ስለ ጻድቃን ስለ ሰማዕታት አለው፤ እምቢ አለ። ስለ እመቤታችን ስለ ድንግል ማርያም ሲለው ግን ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያ ጥርኝ ውኃ በእመቤታችን አማላጅነት 78ቱን ነፍስ መዝኖ ደፋ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ስናከብር የምንሰማው ይህንን ነው።

አሁን ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ በላዔ ሰብ ምሕረት ያገኘው ምን ሲያደርግ ነው? ሰው በሩን ከፍቶ ስላስገባው አይደለም። 79ኛ ሰው «ብላኝ፣ ታሳዝነኛለህ» ስላለውም አይደለም። በሕይወቱ ሲነጥቅ የኖረ እጅ አንዲት ጊዜ ስለሰጠ ነው። ደም መጣጩን እያዘንኩለት ደሜን ብሰጠው የምጨምርለት ረኃብና ኃጢአት ነው፤ 79ኛ ነፍስ ሚዛኑ ላይ እጭንበታለሁ። ለእርሱ የምመኝለት የሚሰጥበትን ቀን ነው። ስለ ሰው ልጅ ደሙን የሰጠ አንድ መድኃኔዓለም አለ፤ እርሱ አንድ ጊዜ የሰጠው ለሁሉም ይበቃል፤ የልጅዎ ደም አይጨመርበትም።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። ከዚህ በኋላ የምለው ለእርስዎ ነው።

ዳዊትን ያስቡ። ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። ሳኦል ጦሩን ወረወረ፤ ዳዊት ሁለት ጊዜ ዘወር አለ፤ በኋላም እንደ ገና ሲወረውር ሸሸ። በኋላ ዳዊት ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አገኘውና የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ተወው። ሳኦል ሲያውቅ «ልጄ ዳዊት ሆይ፣ ይህ ድምፅህ ነውን?» ብሎ ከፍ ባለ ድምፅ አለቀሰ። ልቅሶው ማስመሰል ነበር አልልም። ነገር ግን በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 መጨረሻ ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳዊትና ሰዎቹ ወደ አምባቸው ወጡ። በምዕራፍ 26 ሳኦል እንደ ገና «በድያለሁ፣ ተመለስ» አለው። ዳዊት ጦሩን በአንድ ብላቴና እጅ መለሰለት፤ ራሱ ግን አልተመለሰም። ሳኦል ሲሞት ዳዊት ልብሱን ቀድዶ አለቀሰለት፣ ሙሾም አወጣለት። ወዶታል፣ አልበደለውም፣ እጁንም አላነሣበትም፤ ጦር ወደሚወረወርበት ቤት ግን አልገባም።

ስለዚህ አልበደሉም። ቢላ በተነሣበት ቤት ውስጥ ልጅ አለችዎ፤ ስለ ቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ተብሎ ተጽፏል። እንደ ገና ቢላ ቢያነሣ ፖሊስ መጥራትም በደል አይደለም፤ እርሱንም ከነፍሰ ገዳይነት ያድነዋል።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም፤ ዝምታዎን። ከደጅ ሲጠራ «ሰምቼሃለሁ፣ ዛሬ አላስገባህም፣ እወድሃለሁ» የምትል ቃል ከውስጥ ይሰማ። ጥርኝ ውኃዋ ያች ናት። ምግብ በሳህን አድርጎ በመስኮት ወይም በጎረቤት እጅ ማቀበል ይቻላል፤ ገንዘብ ግን አይስጡት፣ ወዴት እንደሚሄድ ያውቁታል። ከሰከረበት ሌሊት ይልቅ ጠዋት፣ ሰው ባለበት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቀጥረው ያግኙት። ጸበል ይጠመቅ፤ ሐኪምም ይየው። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ መጠጥ አካልንም ነፍስንም የሚይዝ ደዌ ነው።

ወደ ቤት የሚመለስበትን ቀን ከጠየቁኝ፣ በዋስ ይሁን። በኋላ ጳውሎስ የተባለው ሳውል ክርስቲያን ሆኖ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩት፤ አላመኑትም። ሲያሳድዳቸው ለነበረ ሰው ወዲያው በር አልከፈቱም፤ በዚህም አልተወቀሱም። በርናባስ ነው እጁን ይዞ ያቀረበው፣ የሆነውንም የመሰከረለት። ለወንድምዎም በርናባስ ያስፈልገዋል፦ የንስሐ አባቱ፣ ወይም በቅርብ የሚያውቀው፣ መጠጡን መተዉን በዓይኑ የሚያይና «እኔ አለሁለት» የሚል ሽማግሌ። የእንባው ብዛት ዋስ አይሆንም፤ ዋስ ሰው ነው። ለአንድ ምሳ ይጀምር፤ ማደሩ ይቆይ።

ልጅዎ ደግሞ ዛሬ ማታ ትጠይቅዎት ይሆናል። «አላስገባውም፤ ውኃ ግን በመስኮት እሰጠዋለሁ፣ ስሙንም እጠይቀዋለሁ» ይበሏት። «ስሙን ለምን?» ማለቷ አይቀርም። የወንድምዎን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፋ በ16 ይዛልኝ ትምጣ፤ ለካህናቱ እኔ አደርሰዋለሁ።