«ለሰማይ ማን ይከፍላል?»፦ ከመንዝ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህታችን፤

በደብረ ብርሃን የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመትሽን ልታጠናቅቂ ነው። ወደ ስፔስ ዘርፍ መግባት ትፈልጊያለሽ፤ መሐል ሜዳ ያሉት አባትሽ ግን «መንግሥት ለማዳበሪያ ሲቸገር ለሰማይ ከየት አምጥቶ ይከፍልሻል? አካውንቲንግ ተማሪ» ብለውሻል። አንቺም ለስፔስ ገንዘብ የሚያወጣው ማን እንደሆነና ገንዘቡ ቢደርቅ የተማርሽው ትምህርት ምን እንደሚሆን ጠይቀሽናል።

አባትሽ የጠየቁት ደህና ጥያቄ ነው። እንዲያውም ከብዙ የስፔስ ወዳጆች ይልቅ እሳቸው ነገሩን ከሥሩ ይዘውታል፤ በዚህ ዘርፍ አብዛኛው ሥራ የአንድ መንግሥት በጀት ላይ የሰፈረ መስመር ነውና። የምንለያየው መደምደሚያው ላይ ነው። ፊዚክሱን አትተዪ። ግን ሰማይን ስለወደድሽ ብቻም አትግቢ፤ የምትቀመጪበት ወንበር ከየትኛው ኪስ፣ እስከ መቼና በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚከፈል አውቀሽ ግቢ።

ከሀብታሞቹ እንጀምር። አሜሪካ ወደ ጨረቃ ለመሄድ በተጣደፈችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ከፌዴራል በጀቷ ከ4 በመቶ በላይ ለናሳ ሰጥታለች። ዛሬ ግማሽ በመቶ አይሞላም፤ በ2024 የበጀት ዓመት 24.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2025 ደግሞ ዋይት ሐውስ ለቀጣዩ ዓመት ወደ 18.8 ቢሊዮን እንዲወርድ ሐሳብ አቀረበ። የሚያጸድቀው ኮንግረሱ ስለሆነ ሐሳቡ በጀት አይደለም፤ ቢሆንም ክርክሩ ባልተቋጨበት ጊዜ ፕሮፌሰሮች አዲስ የዶክትሬት ተማሪ ለመቀበል ያመነታሉ። አንቺ ማመልከቻ የላክሽበት ዓመት ከእንዲህ ያለው ጊዜ ጋር ከገጠመ «አልተቀበልንሽም» የሚል መልስ ቢመጣ ጉድለቱን ከራስሽ ብቻ አትፈልጊ። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ማመልከቻ አድሰሽ ላኪ።

ሌላው ደግሞ ስፔስ ማለት የግድ ቢሊዮን ማለት አይደለም። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ ሕንድ ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ጨረቃ ላይ ያሳረፈቻት ቻንድራያን 3 የጠየቀችው 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ቁጥሩ ይበልጥ ያንሳል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ታይዩዋን የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ወደ 70 ኪሎ ትመዝናለች፤ ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013፣ 9 ኪሎ የማትሞላ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የቆሙት ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ደግሞ በስፔስ ሳይንስ ማኅበሩ ውትወታና በአብዛኛው በአንድ ባለሀብት ገንዘብ ነው የቆሙት። ስለዚህ የእኛ ሰማይ እስካሁን ሦስት እጅ አለው፤ የመንግሥት በጀት፣ የውጭ መንግሥትና የግል ኪስ። የውጭ መንግሥትና ባለሀብት ዕቃ ይገዛሉ፤ ደመወዝሽን ለሃያ ዓመት አይከፍሉም። ደመወዝ ያለው በጀቱ ላይ ነውና እሱን ጠለቅ ብለን እንየው።

የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን ለገንዘብ ሚኒስቴር ያቀርባል፣ ይከራከራል፣ ይቆረጥበታል፤ የቀረው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል። ውስጡ ሁለት ኪስ አለ። መደበኛ በጀቱ ደመወዝ፣ መብራት፣ ነዳጅና ጥገና ሲከፍል፣ የካፒታል በጀቱ ግንባታና ትልልቅ ግዥ ይሸፍናል። ሳተላይት ለማምጠቅ የካፒታል ገንዘብ ማግኘት ይቀላል፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ነው። የመጠቀውን ለማሠራት የሚያስፈልገው ግን የምድር ጣቢያው አንቴና መለዋወጫ፣ የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ ዕድሳትና የሌሊት ተረኛ አበል ነው። ለዚህ ሪባን የሚቆርጥ የለም፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰውም ይኸው ነው። ቴሌስኮፕም እንደዚያው። የመስታወቱ የአሉሚኒየም ሽፋን በአቧራና በእርጥበት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በየጥቂት ዓመቱ ታጥቦ በቫኪዩም ክፍል ውስጥ እንደገና መቀባት አለበት። ለቅቡ መስመር ካልተያዘለት ቴሌስኮፑ ቆሞ ይታያል እንጂ ኮከብ አያሳይም።

የጊዜው ነገርም አለ። እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል፤ ከውጭ የሚታዘዝ የሳተላይት አካል ደግሞ ከጨረታ እስከ ርክክብ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ገንዘቡ እንዳይመለስ ቶሎ የሚገዛው ይገዛል፤ ሴንሰር የታሰበበት ላፕቶፕ ይሆናል።

ሦስተኛው ምንዛሪ ነው። ለ2017 የበጀት ዓመት የተዘጋጀ አንድ የ10,000 ዶላር ሶፍትዌር ፈቃድ እናስብ። ዕቅዱ ሲወጣ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና 570,000 ብር ተያዘለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። የተያዘው ገንዘብ የፈቃዱን ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ቀረ። ነፃ ሶፍትዌር ላይ፣ ካርታ በሚሠራበት ኪውጂአይኤስና ፕሮግራም በሚጻፍበት ፓይተን ላይ፣ የሠለጠነ ሰው ግን ያን ቀን ሥራው አልቆመም። የመሣሪያ ምርጫ የሙያ ምርጫ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያ ወጥቶ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ፣ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ዝም አትበዪ። መደቡ ቋሚ ነው ወይስ የፕሮጀክት ኮንትራት? ፕሮጀክቱ የሚያበቃው መቼ ነው? የኮምፒውተርና የመስክ ወጪው በማን ኪስ ነው? ቋሚው ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ግን የትምህርት ዕድል ሲመጣ ከነመደብሽ የሚያቆይሽ እሱ ነው። የኮንትራቱ ደመወዝ ከፍ ሊል ይችላል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ግን አብሮ ይዘጋል።

አሁን ወደ ማስተርሱ። የቀድሞው የስፔስ ኢንስቲትዩትና የቀድሞው ካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም ተዋሕደው ስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነዋል። ውሕደቱ ራሱ የገንዘቡን አዝማሚያ ይነግርሻል፤ ሰማዩ ከመሬቱ ጋር ተጣምሮ ነው በጀት የሚጠይቀው። በእኛ ግምት አስትሮኖሚን እንደ መጀመሪያ ማስተርስ መምረጥ የሚያዋጣው ሙሉ ወጪሽ ከተሸፈነና እስከ ዶክትሬት ለመሄድ ከቆረጥሽ ብቻ ነው። ሪሞት ሴንሲንግ (ምድርን በሳተላይት ምስል ማጥናት) ወይም ጂኦዴሲ (የምድርን ቅርፅና የቦታዎችን አቀማመጥ መለካት) ግን የስፔሱ በጀት ቢቆረጥም ሌላ በር አለው። የዞኑ ግብርና፣ የገጠር መሬት አስተዳደርና የይዞታ ልኬታ፣ ሜቲዎሮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሰብል ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ምስል የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ። ከሪሞት ሴንሲንግም ራዳሩን ያዢ። በክረምት መንዝ በደመና ሲሸፈን ተራው የሳተላይት ካሜራ ዕውር ነው፤ ራዳር ደመናውን አልፎ ያያል። በ2017 ዓ.ም አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥና ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ መሬቱ ምን ያህል እንደተነሳና እንደሰመጠ የተለካው ሴንቲነል 1 በተባለችው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ምስል ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ሩቅ አይደለም፤ የሞገድ ፌዝ ልዩነት ነው፣ አንቺ በኦፕቲክስ የተማርሽው።

ያ ምስል በነፃ ይወርዳል። ነፃ የሆነው ግን የአውሮፓ ግብር ከፋይ ስለከፈለው ነው። የአሜሪካዋ ላንድሳት 7 አንድ ምስል 600 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ተለቀቀ። ነፃ መረጃም ቢሆን ይቋረጣል። ከሁለቱ የሴንቲነል 1 ሳተላይቶች አንዷ በዲሴምበር 2021 በኃይል ክፍሏ ብልሽት ቆመች፤ ተተኪዋ የመጠቀችው በዲሴምበር 2024 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የምስሉ ድግግሞሽ ቀነሰ። የመመረቂያ ሥራሽን በአንድ ሳተላይት ላይ ብቻ አትገንቢ።

አሁን ካለሽበት ሆነሽ ሥራ ጀምሪ። ሲቪ ላይ «ለስፔስ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ከሚል መስመር አንድ የተጠናቀቀ ካርታ ይበልጣል፤ ርዕሱም ደጅሽ ላይ ነው፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ። መንዝ ላይ ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ሴንቲነል 2 በተባለችው የአውሮፓ ባለ ካሜራ ሳተላይት ምስል እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ያ ጥማድ 25 ነጥብ ይሆናል። በራሳችን ኢቲአርኤስኤስ 1፣ ወደ 14 ሜትር በሆነው ምስል፣ 13 ገደማ። በላንድሳት 30 ሜትር ሦስት አይሞላም። ሞዲስ በተባለው የአሜሪካ የሳተላይት ካሜራ 250 ሜትር ደግሞ 25 ጥማድ ተጨፍልቆ አንዲት ነጥብ ይሆናል፤ የአባትሽ ገብስ ከጎረቤት ባቄላና ከግጦሹ ጋር ተቀላቅሎ። ስለዚህ ሴንቲነል 2ን ውሰጂ። ባንድ 4ን (ቀዩን ብርሃን) ከባንድ 8 (ከኢንፍራሬዱ) ቀንሰሽ ለሁለቱ ድምር አካፍዪ፤ የቅጠሉን ጤና የሚያሳየው ኤንዲቪአይ ይኸው ነው። አንዱ ምስል ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሚሆን በግቢው ዋይፋይ አታውርጂ፤ ጉግል ኧርዝ ኢንጅን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያስላልሻል።

ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ውርጩ የሚወርደው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሳተላይቷ የምታልፈው ረፋድ ላይ ስለሆነ ውርጩን ራሱን አታገኚውም፤ የምታዪው ከቀናት በኋላ የሚገረጣውን ሰብል ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ገብሱ በራሱ ጊዜ ይደርሳል፤ ሲደርስ ኤንዲቪአዩ ያለ ውርጭም ይወርዳል። ብዙ ተማሪ የደረሰ ገብስ አይቶ «በውርጭ ተመታ» ብሎ ቀለም ይቀባል። መለያው ሁለት ነው። የዘንድሮውን ከቀደሙት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አወዳድሪ፤ ሜዳውን ከተዳፋቱ ጋር ደግሞ ለይተሽ እዪ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወርዶ ከሜዳው ይተኛል፤ ሜዳው ተመትቶ ተዳፋቱ ከተረፈ ውርጭ ነው፣ ሁለቱም እኩል ከገረጡ መድረስ ነው። ከዚያ 60 ያህል ማሳ ምረጪ፣ ግማሹን ከሜዳ ግማሹን ከተዳፋት። የስልክሽ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ይስታልና ወሰኑ ላይ ሳይሆን ማሳው መሐል ቆመሽ መዝግቢ። ባለቤቱን መቼ እንደዘራ፣ ምን እንደዘራ፣ ውርጩ የወረደበትን ሌሊትና ከምርቱ ምን ያህሉ እንደጠፋ ጠይቂ። ካርታውን መጀመሪያ የምታሳዪው ለአባትሽ ነው፤ የትኛው ቀለም ሐሰት እንደሆነ ከመምህርሽ ቀድመው ይነግሩሻል።

ስለ ውጭ ዕድል አጭር ቃል። ናሳ ውስጥ በመንግሥት ሠራተኛነት መቀጠር ለአሜሪካ ዜጎች ነው፤ የአውሮፓው ኤጀንሲም በዋናነት ከአባል አገሮቹ ነው የሚቀጥረው። አሜሪካ ሄደሽ ሳተላይት መሥራት ብትፈልጊ የቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሕጋቸው ለውጭ ዜጋ ብዙ በር ይዘጋል፤ መረጃ መተንተን ላይ ግን በሩ ሰፋ ይላል። ለእኛ ቅርብ የሆኑት ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የተቆራኙት የሥልጠና ማዕከላት ናቸው፤ ናይጄሪያ ኢሌ ኢፌ፣ ሕንድ ዴራዱን፣ ቻይና ቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ። የደቡብ አፍሪካው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ስኮላርሺፕ ብዙዎችን ያታልላል፤ ስምንቱ የአፍሪካ አጋር አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ከማመልከትሽ በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንቀጽ አንብቢ፤ ሁለት ወር ትቆጥቢያለሽ።

ወረቀቱን ደግሞ ከአሁኑ አስቢበት። የመውጫ ፈተናው ማለፊያ 50 በመቶ ነው፤ ለአገር ውስጥ ማስተርስ ደግሞ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ይጠብቅሻል፣ የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ እንዳያልፍሽ። ስትመረቂ በእጅሽ የሚገባው ቴምፖው፣ ጊዜያዊ ዲግሪው፣ ነው፤ ዋናው ዲግሪ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል አይለቀቅም። ብዙ የውጭ ስኮላርሺፕ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ ከሬጅስትራር ይፈልጋል። ዕዳሽ ስንት እንደሆነ ዘንድሮውኑ ጠይቀሽ እወቂ፤ ፓስፖርቱንም ማመልከቻው ሲከፈት ሳይሆን ከዚያ በፊት አውጪ።