መልስ፦ ለ60 ተማሪ የካርድ አስተያየት

ሰላም ወንድሜ። 60 ልጅ አለኝ፣ ሁሉም ካርድ ላይ «በርታ» እና «በርቺ» መጻፍ ሰለቸኝ፣ ምን ላድርግ ብለሃል። በአንድ ሌሊት አትሞክረው። ሮስተር (የሁሉም ተማሪ ውጤት የሚሰፍርበትን ሰንጠረዥ) ሠርተህ ካርድ መሙላት ስትጀምር እጅም ጭንቅላትም ይዝላል። ያኔ የሚወጣው ያው «በርታ» ነው።

ከአሁኑ አንድ ደብተር ያዝ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ። የቤት ሥራ ስታርም ያየኸውን ጫር አድርግ፦ «ማካፈል ላይ ቀሪውን ይረሳል»፣ «ስታነብ አራት ነጥብ ላይ አትቆምም»። ጥር ሲደርስ ግማሹ ሥራ አልቆ ይጠብቅሃል።

የካርዱ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መጀመሪያ የቻለውን፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር። ለምሳሌ፦ «ማባዛትን በደንብ ይዛለች። ማታ ማታ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ።» «ንባብ ላይ ጥረት ያስፈልጋታል» ብትል ግን እናትየው ምን ታድርግ? ብዙ ቤት ደግሞ ካርዱን ለወላጅ የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው፤ ከባድ ቃል ይቅር።

ደረጃውን አትድገመው፣ እዚያው ተጽፏል። «ረባሽ» የሚለውም ካርድ ላይ አይስፈር፤ ወላጅ ጠርተህ በአፍ ንገር።

አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት አያስቸግሩህም፣ ረባሾቹም እንደዚያው። የሚያስቸግሩት መሃል ያሉት ዝምተኞች ናቸው። ከእነሱ ጀምር። ገጹ ባዶ የሆነ ልጅ ካገኘህ በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳ ላይ አውጣው።