የልብ ምቴ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደ አባቴ ተኝቼ ልቀር ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 37 ነው። ጅማ ሒርማታ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ጭንቀት ስለበዛብኝ አሜሪካ ያለችው እህቴ ጣት የሚገባበት፣ ትንፋሽ እያስተካከለ ዘና የሚያደርግ መሣሪያ ላከችልኝ። ማታ ማታ እጠቀምበታለሁ። ግን የልቤ ምት ስክሪኑ ላይ አንዴ 68፣ አንዴ 81 ይላል። መሣሪያው ይሠራል ወይስ ተበላሽቷል? አባቴ በ54 ዓመቱ እንደተኛ ነው የቀረው። ልቤ ስለሚደልቅ ላለፉት ሦስት ወራት የጎረቤቴን ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያዘገይ ኪኒን ማታ ማታ ግማሽ ግማሽ እወስዳለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽልኝ ስለ መሣሪያው ነው፤ እንቅልፍ የነሳሽ ግን አባትሽ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ፍርሃት እንጨርስ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ብቻውን የልብ በሽታ አይደለም። መሣሪያውም የተበላሸ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው ጤነኛ ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል እኩል የሚመታ ይመስለዋል። ይህን እምነት ከሰው ጭንቅላት ማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይከብዳል! አሁን ይህን እያነበብሽ ሁለት ጣትሽን ከአውራ ጣትሽ በታች አንጓሽ ላይ አሳርፊ። ትርታው ተሰማሽ? ቀስ ብለሽ አየር ሳቢ፣ ትንሽ ይፈጥናል። ቀስ ብለሽ አውጪው፣ ይዘገያል። ከአንጎል ወርዶ ልብን የሚያረጋጋ ነርቭ አለ፤ ስንስብ ልጓሙን ላላ ያደርጋል፣ ስናስወጣ ሳብ። ልጆችና ወጣቶች ላይ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ስኳር በሽታ የልብን ነርቭ ጎድቶ እንደሆነ ለማወቅ ሰውየውን በጥልቀት አስተንፍሰን ምቱ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ እናያለን፣ ካላለ ነው የምንጨነቀው። አንቺን ያስፈራሽ ከፍ ዝቅታ እኛ ስናጣው የምንፈራው ነው። የሚያጠራጥረው ከትንፋሽ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ምት ነው፤ እሱን ደግሞ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ይለየዋል።

መሣሪያው ባዮፊድባክ ከሚባሉት ነው። በኮሮና ጊዜ ጣት ላይ ይሰካ እንደነበረው፣ ብርሃን በጣትሽ አሳልፎ የደሙን ትርታ ያነባል፣ በአንዱና በሚቀጥለው ምት መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። ጭንቀትሽን ራሱን ግን አይለካም፣ የልብ ምርመራም አይደለም። ጣትሽ ከቀዘቀዘ ወይም ከተንቀሳቀሰ የማይሆን ቁጥር ያወጣል። የሚያረጋጋሽ ዝግ ያለው ትንፋሽ ነው፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል። 4 ሰከንድ ሳቢ፣ 6 ሰከንድ አስወጪ፣ 10 ደቂቃ። ይህን የስልክሽን ሰዓት እያየሽም ማድረግ ትችያለሽ፤ ሌላ ለመግዛት ብር አታውጪ። በኃይል አትተንፍሺ ብቻ፤ ከንፈርና ጣት መንዘር ከጀመረ አብዝተሻል ማለት ነው።

ቡናውስ? ጅማ ለተቀመጠ ሰው ቡና ተው ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ እኔም አልተውኩም። ግን ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ሦስት ሰዓት ላይ ልቤ ለምን ደለቀ ማለት አይሆንም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይቅርብሽ። ጫት ካለም ያው ነው፤ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ የሰው መድኃኒት ስትውጪ አንድ ቀን ሱቁን ዘግተሽ መታየት አቃተሽ? አስም እንዳለብሽና እንደሌለብሽ እንኳ አልነገርሽኝም። አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ደረት አጥብቆ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ደግሞ እንቅርት ወይም ደም ማነስ ልብሽን እያስደለቀው ከሆነ፣ ኪኒኑ ድለቃውን ብቻ ሸፍኖ በሽታውን ያስቀምጥልሻል። ማታውኑም አንስተሽ አትጣይው፤ አዘውትሮ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ልቡ ይብስ ሊሮጥ ይችላል። መጠኑንም አትጨምሪ። ደረትሽ የሚያፏጭ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሂጂ።

ካልሆነም በዚህ ሳምንት ሂጂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብሽ ነው። ግፊት፣ ኢሲጂ፣ የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ይበቃሻል። የአባትሽን ነገር ሳይጠይቁሽ ተናገሪ፤ ምን እንደነበረ እዚህ ሆኜ መገመት አልፈልግም፣ ሐኪምሽ ግን ማወቅ አለበት። ወደ ጅሬን ዳገት ስትወጪ ደረትሽን ከጨመቀሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ወረፋ የለም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። መሣሪያውን ይዘሽ ቁጥር እያየሽ እንዳትቀመጪ!

ጎረቤትሽንም ኪኒኑ ለምን እንደታዘዘላት ጠይቂያት። ለአንቺ እያካፈለች እሷ የራሷን እየዘለለች እንዳይሆን።