ጥያቄና መልስ፦ «ቬርደን» የሚባለው የጀርመንኛ ግስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጀርመን ሄጄ ነርስነት ለመሠልጠን ቤ 1 ለሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። «ቬርደን» የሚባለው ግስ አሰቃየኝ። አንዴ «መሆን» ነው ይላሉ፣ አንዴ የወደፊት ጊዜ፣ አንዴ ተገብሮ። እርባታውም መልኩን ይቀያይራል። እኔ እንደ እንግሊዝኛው «ዊል» ነው የያዝኩት፤ አስተማሪዬ ግን ሁልጊዜ ያርመኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንግሊዝኛውን ወደ ጎን አድርጊው። ጀርመንኛ ላይ «ኢሽ ቪል» ማለት «እፈልጋለሁ» ነው፤ ስለዚህ በ«ዊል» ያሰበ ሰው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ቃል የገባ እየመሰለው «ነገ መምጣት እፈልጋለሁ» ብሎ ቁጭ ይላል። ደግሞም ጀርመኖች ለነገ ጉዳይ ቬርደንን ብዙ አይጠሩትም። «ኢሽ ኮመ ሞርገን» ይላሉ፣ አለቀ። እኛስ «እመጣለሁ» የምትለዋን ለዛሬም ለነገም አይደል የምንጠቀምባት? ጊዜውን የምትናገረው «ነገ» ናት።

ቬርደን ከሌላ ግስ ጋር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ግምትን፣ ትንበያን ወይም ቃል መግባትን ያመለክታል። «ኤር ቪርት ዙ ሃውዘ ዛይን» ቢሉሽ «ቤት ይሆናል» ማለታቸው ነው፣ አሁን በዚህች ሰዓት። የኛው «ይሆናል» ቁርጥ ነው። እንደሱ ያዢው።

እርባታው ይኸውና፦ ኢሽ (እኔ) ቬርደ፣ ዱ (አንተ/አንቺ) ቪርስት፣ ኤር (እሱ) ቪርት፣ ቪር (እኛ) ቬርደን፣ ኢር (እናንተ) ቬርደት፣ ዚ (እነሱ) ቬርደን። የሚያስቸግሩት «ዱ» እና «ኤር» ብቻ ናቸው። «ቬ» ወደ «ቪ» ትዞራለች፣ «ዱ» ላይ ደግሞ «ድ» ጭራሽ ትጠፋለች። «ቪርት» ሲነገር በ«ት» ያልቃል፣ ሲጻፍ ግን መጨረሻው «ዴ» የሚባለው ፊደል ነው፤ ፈተና ላይ እሷን ልብ በይ። ያለፈው ጊዜ «ቩርደ» ነው፣ ለ«ኢሽ»ም ለ«ኤር»ም አንድ ነው።

አሁን ለአንቺ ሥራ ዋናው ተገብሮው ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጪ። «ዴር ፈርባንት ቪርት ገቬክሰልት» ማለት የቁስሉ ማሸጊያ እየተቀየረ ነው ወይም ይቀየራል ማለት ነው። በ«ቪርት» ፋንታ «ኢስት» ካልሽ ግን ተቀይሯል፣ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ተረኛ ስትቀያየሩ «ኢስት» ብለሽ ከወጣሽ የሚቀጥለው ሰው በሽተኛውን ተሠርቶለታል ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ለዚህ ነው ይህችን ልዩነት ከሰዋስው ነጥብ በላይ የማያት። አማርኛችን በ«እየተቀየረ ነው» እና በ«ተቀይሯል» አጥርቶ ስለሚለያቸው፣ ከመናገርሽ በፊት የቱን ማለት እንደፈለግሽ በአማርኛ ብታስቢው ይቀልሻል።

ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ሲነገር ቬርደን ሁልጊዜ «ኢስት» እና «ቢን» ከሚወጡበት «ዛይን» ከሚባለው ረዳት ግስ ጋር ነው የሚሄደው፣ «ሃበን» ከሚባለው ረዳት ግስ ጋር በፍጹም። ለመሆን ሲሆን «ገቮርደን» ነው፦ «ኢሽ ቢን ክራንክ ገቮርደን»፣ ታመምኩ። ለተገብሮ ሲሆን «ገ» ትወድቅና «ቮርደን» ብቻ ይቀራል፦ «ዴር ፈርባንት ኢስት ገቬክሰልት ቮርደን»፣ ማሸጊያው ተቀይሯል።

ለመሆን የሚለው አገልግሎቱ ቀላል ነው። «ኤስ ቪርት ካልት»፣ ሊበርድ ነው። «ዚ ቪርት ድራይሲሽ»፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው። በቃል ፈተናው ላይ ምን መሆን እንደምትፈልጊ ቢጠይቁሽ ደግሞ «ኢሽ ሜሽተ ፕፍሌገፋኽፍራው ቬርደን»፣ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ፣ በይ፤ ከ2020 ጀምሮ ይህን ሙያ አዲስ ለሚማሩ ሴቶች የሚሰጠው የሙያ መጠሪያ ይኸው «ፕፍሌገፋኽፍራው» ነው። ከሙያው ስም በፊት «አይነ» (አንዲት) አትጨምሪ፣ ቬርደንንም መጨረሻ ላይ አስቀምጪው።