ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት ልግዛላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ የመኪና ባትሪ ይጠግናል፤ እርሳስ የሚያቀልጠውም እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። የ3 ዓመት ልጄ ምግብ እምቢ ብላ፣ ሆዷንም እያመማት ስትቸገር አስመረመርኳት። በደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ በዴሲ ሊትር 28 ማይክሮግራም ነው ተባልኩ። አንድ ሰው እርሳሱን ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ከውጭ ላስመጣልሽ ይለኛል። ልግዛላት?

መልስ፦ አይግዙ። ልጅ ታማ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን አሁን ልጅዎን የሚያድናት መድኃኒቱ አይደለም።

መድኃኒቱስ እውነተኛ ነው። ሰክሲመር ይባላል፣ በአፍ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ወርቅ ያለበት ድንጋይ ሲፈጭ በተነሣ የእርሳስ አቧራ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞተዋል፤ ከተረፉት ብዙዎቹ የታከሙት በዚሁ መድኃኒት ነው። እርሳሱን ይዞ በሽንት ይወጣል። ችግሩ፣ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ዚንክና መዳብም ይዞ ሊወጣ ይችላል። አጥንት ውስጥ የተከማቸውን ደግሞ እምብዛም አይደርስበትም። ስለዚህ ደሙ ሲጠራ ከአጥንት እየወጣ መልሶ ይሞላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው ለልጆች በዋናነት የሚመክረው መጠኑ 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ20 እስከ 44 ባላቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ነበር። የደም እርሳሱን ቀነሰ፣ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸውን ግን አላሻሻለም። ተመራማሪዎች የተሻለ መድኃኒት መፈለጋቸውን ያልተዉት ለዚህ ነው።

ይህን ደግሞ አጥብቄ እነግርዎታለሁ፦ ግቢው ውስጥ እርሳስ እየቀለጠ መድኃኒቱን ብትወስድ፣ በአንጀቷ በኩል የሚገባው እርሳስ ጭራሽ ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ ማቅለጡ ዛሬውኑ ከግቢ ይውጣ። እስኪወጣና ቤቱ እስኪጸዳ ልጅቷ አያቷ ጋር ትሰንብት። ባለቤትዎ ቱታና ጫማቸውን ሥራ ቦታ ይተዉ፤ ቱታው ከልጅ ልብስ ጋር አይታጠብ። ወለሉን በደረቁ አይጥረጉ፣ አቧራው ይነሣል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት። ከገበያ የተገዛ ኩል የምትኳል ከሆነም ያቁሙ፣ አንዳንዱ እርሳስ አለበት።

«ወተት መርዝ ያረክሳል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ወተት ይስጧት፤ ካልሲየሙ አዲስ እርሳስ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛል። የገባውን ግን አያወጣም። የደም ማነስም ትመርመር፤ ብረት ያነሰው ልጅ እርሳስ ቶሎ ይስባል። ባለቤትዎም ይመርመሩ። እርስዎም እርጉዝ ከሆኑ አይዘግዩ፤ እርሳስ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ከአንድ ወር በኋላ ደሟ እንደገና ይታይ። እስከዚያ ትውከቱ አልቆም ካላት፣ ከፈዘዘች ወይም ካንቀጠቀጣት፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዷት፤ እርሳስ እንደተገኘባትም ለሐኪሙ ይንገሩ።