የክብደት መቀነሻ ክበብ ባነር በልጆች ትምህርት ቤት አጥር ላይ፦ ለማን፣ ምን ብሎ ማመልከት ይሻላል?

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ከሸኘ በኋላ አዳራሹን ማታ ማታ ለክብደት መቀነሻ ክበብ ያከራያል። የክበቡ አስተባባሪ ደግሞ ባነሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከብረት አጥሩ ጋር ጥፍር አድርጋ ታስርና ወሩን ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ትተወዋለች። "በፊት" እና "አሁን" የሚል ጥንድ ፎቶ፣ የስብሰባው ቀንና ሰዓት፣ ስልክ ቁጥር። ከሥሩ የአምስት ዓመት ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። እሱ ማንበብ ባይችል የአሥር ዓመት እህቱ ታነበዋለች።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ክበቡ አዳራሹን መከራየቱ አይከፋም፤ ባነሩ ግን ከልጆች መግቢያ መነሳት አለበት። ስንቱ አቤቱታ ውኃ የበላው ሁለቱን ቀላቅሎ "ክበቡ ይውጣልን" ብሎ ስለሚጀምር ነው። ትምህርት ቤቱ የኪራይ ገንዘቡን ይፈልጋል፤ ክበቡም ሕጋዊ ሥራ ነው። ርዕሰ መምህሯ እምቢ ለማለት በቂ ምክንያት እናንተው ሰጣችኋት ማለት ነው።

ክበቦቹን እንደ አጭበርባሪ መፈረጅም ልክ አይደለም። ዌይት ዎቸርስ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1963፣ ስሊሚንግ ወርልድ እንግሊዝ ውስጥ በ1969 የተመሠረቱ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ 1,267 አዋቂዎች የተካፈሉበት ጥናት ነበር። አጭር ምክርና ትንሽ የምክር መጽሐፍ ብቻ የተሰጣቸው በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ 3.26 ኪሎ ቀነሱ፤ ለ12 ሳምንት ወደ ዌይት ዎቸርስ የተላኩት 4.75፣ ለ52 ሳምንት የተላኩት 6.76 ኪሎ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልዩነቱ ጠብቧል፤ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ለወፈረ አዋቂ ክበቡ ይጠቅማል። እንዲያውም በብዙ አካባቢ ጂፒው (የቤተሰብ ሐኪሙ) ወይም ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ለ12 ሳምንት በነፃ ይልካችኋል። ባነሩ ላይ ያለው ቁጥር ጋ ደውላችሁ ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒያችሁን ጠይቁ።

እግረ መንገዳችንን፣ ለእኛ ለሐበሾች የሚሆን አንድ ነገር። የጤና መመሪያ አውጪው ናይስ ጥቁር አፍሪካዊ ለሆነ አዋቂ የሚሰጠው ወሰን ከሌላው ዝቅ ያለ ነው። ከመጠን በላይ ክብደት የሚባለው ቢ.ኤም.አይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) 25 ሳይሆን 23 ሲደርስ ነው፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው ደግሞ 30 ሳይሆን 27.5 ሲደርስ። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 62 ኪሎ የሆነች ሴት ቢ.ኤም.አይዋ 24.2 ነው፤ በተለመደው ሰንጠረዥ "ደህና ነሽ" ትባላለች፣ በዚህ ወሰን ግን የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ መጠየቅ ይገባታል። ይህ ዝቅ ያለ ወሰን የአዋቂ ብቻ ነው። ልጅ ላይ አይሠራም።

የልጅ ነገር ፈጽሞ ሌላ ነው። የልጅ ክብደት የሚታየው ከዕድሜውና ከፆታው ጋር በእድገት ሰንጠረዥ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ከ91ኛው መስመር በላይ የዋለ ልጅ ክብደቱ በዝቷል፣ ከ98ኛው በላይ የዋለ በጣም በዝቷል ይባላል። ያኔም ቢሆን ለአብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ የሚሰጠው ምክር ክብደት ቀንስ የሚል አይደለም። ክብደቱ ባለበት ይቆይና ቁመቱ ይድረስበት ነው የሚባለው። ባነሩ የሚሰብከው ግን ኪሎ ማውረድን ነው። በዚያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ክብደታቸው ይመዘናል፤ ሪሴፕሽን በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል በ4 እና በ5 ዓመታቸው፣ ከዚያ ይር ሲክስ (ስድስተኛ ዓመት) ላይ በ10 እና በ11 ዓመታቸው። ምዘናው ለብቻ ይደረጋል፣ ውጤቱ ለልጁ አይነገርም፣ ወላጅ ካልፈለገ ልጁን ማስቀረት ይችላል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረገ ትምህርት ቤት በር ላይ "ቅነሱ" የሚል ሁለት ሜትር ጨርቅ መስቀል እርስ በርሱ ይጣላል። ለርዕሰ መምህሯ በደብዳቤ የምታነሱት ዋናው ነጥብ ይህ ይሁን፤ ከማንኛውም የስሜት ክርክር የበለጠ ይይዛል።

አሁን ወደ አቤቱታው። ሰዎች የሚሳሳቱት የአንዱን ቢሮ ሥራ ሌላው ቢሮ ጋ ወስደው ስለሚጠይቁ ነው። ካውንስሉ የሚያየው ጨርቁን ነው፤ ቃሉን አያይም። የ2007ቱ የእንግሊዝ የውጭ ማስታወቂያ ደንብ ለካውንስሉ የፈቀደለት ሁለት ነገር ብቻ እንዲመዝን ነው፤ የአካባቢን ገጽታና የሕዝብን ደኅንነት። "ይህ ባነር የልጄን አእምሮ ይጎዳል" ብላችሁ ለፕላኒንግ ክፍል (የግንባታና የማስታወቂያ ፈቃድ ለሚሰጠው) ብትጽፉ "አይመለከተንም" የሚል መልስ ይመጣል፤ ልክም ናቸው። እነሱን መጠየቅ ያለባችሁ "ይህ ባነር ፈቃድ አለው ወይ?" ብላችሁ ነው።

ለምን ቢባል፣ ያለ ፈቃድ እንዲሰቀል የተተወው ጊዜያዊ ማስታወቂያ ለንግድ ያልሆነ የአካባቢ ዝግጅት ብቻ ነው፤ የባዛር፣ የበዓል፣ የትምህርት ዝግጅት ዓይነት። መጠኑ ከ0.6 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ዝግጅቱ ከመጀመሩ ከ28 ቀን በላይ ቀድሞ መሰቀል የለበትም፤ ካለቀም በ14 ቀን ውስጥ ይወርዳል። ገበያ ላይ የተለመደው ባነር 1.8 በ0.9 ሜትር ነው። አባዙት፤ 1.62 ካሬ ሜትር ይመጣል። ክፍያ የሚያስከፍል ክበብ፣ በመጠን ያለፈ፣ መውረጃ ቀን የሌለው ባነር በዚህ በር አይገባም። ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ መስቀል ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ሲሆን ጥፋቱ ከቀጠለ በየቀኑ እስከ 250 ይጨመርበታል። በተግባር ግን ካውንስሉ በአብዛኛው አንድ ደብዳቤ ይጽፍና ባነሩ ይነሳል። ሰው ፍርድ ቤት ይቆማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አያስፈልግምም።

አጥሩ የማን እንደሆነም ለዩ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ዙሪያ ያለው የትምህርት ቤቱ ነው። ልጆች ዘለው አስፋልት እንዳይገቡ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ የተተከለው ዝቅ ያለ የብረት መከላከያ ግን የመንገድ ባለሥልጣኑ ነው። እዚያ ላይ ከታሰረ ማመልከቻው ለፕላኒንግ ሳይሆን ለካውንስሉ የመንገድ ክፍል ይሁን፤ በ1980ው የመንገድ ሕግ መሠረት የማንሳት ሥልጣን አላቸው፣ ከፕላኒንግም ይፈጥናሉ።

ቃሉንና ፎቶውን የሚያየው የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው ኤ.ኤስ.ኤ ነው፤ ሥራው በመላው ዩናይትድ ኪንግደም ነው። ገንዘብ አይቀጣም፤ ማስታወቂያው እንዲነሳ ወይም እንዲስተካከል ይወስናል፣ ውሳኔውንም በይፋ ያወጣል። የማስታወቂያ ደንቡ በአንቀጽ 13.3 ላይ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይነጣጠር፣ እነሱን በተለይ የሚስብ ነገርም እንዳይኖረው ይከለክላል። እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ክበቡ "እኔ የጠራሁት እናቶችን ነው" ይላል፤ ባነሩ ትምህርት ቤት አጠገብ መሆኑ ብቻውን ክርክሩን አያሸንፍላችሁም። ለበርገርና ለለስላሳ መጠጥ የውጭ ማስታወቂያ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከትምህርት ቤት 100 ሜትር ለመራቅ ተስማምተዋል፤ ለክብደት መቀነሻ ክበብ ግን እንዲህ ያለ በሜትር የተቆረጠ ርቀት የለም። ይህ ለእኛ ግራ ነው፤ ቺፕስን ያራቀ ሕዝብ ሚዛንን በር ላይ ያቆማል።

ስለዚህ ከርቀቱ ይልቅ ይዘቱን ፈትሹ። የካርቱን ሥዕል፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ፣ "ትምህርት ሲከፈት አዲስ አንተ" ዓይነት ቃል ካለ 13.3ን አንሱ። "እስከ ገና ሁለት ስቶን ቀንሱ" የሚል ካለ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተቆረጠ ኪሎ ትቀንሳላችሁ ብሎ ቃል መግባት ክልክል ነው (ሁለት ስቶን 12.7 ኪሎ ነው)። በሳምንት ከሁለት ፓውንድ፣ ማለትም ከ0.9 ኪሎ በላይ መቀነስም ለአብዛኛው ሰው ከጥሩ ሕክምና ጋር እንደማይሄድ ደንቡ ይናገራል። ከክበቡ ይልቅ የማቅጠኛ መርፌ በስሙ የሚያስተዋውቅ ወረቀት ካገኛችሁ ጉዳዩ ከሁሉም ይከብዳል፤ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ለሕዝብ ማስተዋወቅ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው ለኤም.ኤች.አር.ኤ ይነገራል።

ማስረጃ ሁለት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ጽሑፉ እስኪነበብ ቀርባችሁ፣ ሌላው ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ በሩና ባነሩ አንድ ላይ እንዲታዩ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያነሳና ባነሩ የት እንደተሰቀለ ማሳየት ያቅተዋል። ፎቶው ላይ የማንም ልጅ አይግባ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወይም ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ አንሱ። ቀኑን ጻፉ፤ ኤ.ኤስ.ኤ በተለምዶ የሚቀበለው ማስታወቂያው ከታየ በሦስት ወር ውስጥ የመጣ አቤቱታ ነው። ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጦ ባነሩን መውሰድ የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ንብረቱ የሰው ነው፣ ተከሳሹ እናንተ ትሆናላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ፤ ግማሹ ነገር እዚያው ያልቃል። በር ላይ ቆሞ መሟገት አያዋጣም፤ አጭር ኢሜይል ለርዕሰ መምህሯ ላኩ፣ መልስ ከሌለ ለቦርዱ ሰብሳቢ በትምህርት ቤቱ የአቤቱታ ሥርዓት አመልክቱ። ሥርዓቱ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል፤ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ይሁን፦ ባነሩ ከልጆች በር ተነስቶ አዋቂዎች ማታ ወደሚገቡበት የአዳራሽ በር ይዛወር፤ ስብሰባው ባለበት ማታ ብቻ ወጥቶ ሲያልቅ ይግባ፤ የክበቡ በራሪ ወረቀት በልጆች ቦርሳ አይላክ። ሦስተኛውን አጥብቃችሁ ያዙ። በቦርሳ የተላከ ወረቀት ልጁን ራሱን መልእክተኛ ያደርገዋል፤ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ "እማዬ፣ ቲቸር ይህን ስጪያት አለችኝ" ብላ ለእናቷ ስታቀብል ምን እንደሚሰማት አስቡት። ይህን ሁሉ በሚቀጥለው የኪራይ ውል ላይ እንዲያስገቡት ጠይቁ፤ ያለዚያ አስተባባሪዋ ስትቀየር ባነሩ ይመለሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለማኅበሮቻችን። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶቻችንም እነዚሁኑ አዳራሾች ይከራያሉ፣ ባነርም ይሰቅላሉ። በሌላው ላይ ከማመልከታችሁ በፊት የራሳችሁን ለኩ። የትምህርት ተቋም በራሱ ቅጥር ላይ የሚሰቅለው ምልክት እስከ 1.2 ካሬ ሜትር ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ የአንድ ቀን ዝግጅት ከሆነ ከላይ ያልነው 0.6 ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ የትምህርት ቤት ምሳ መርሐ ግብር ውስጥ ያለ ዲስትሪክት ሁሉ የዌልነስ (የተማሪ ጤናና አመጋገብ) ፖሊሲ እንዲኖረውና ወላጅ እንዲሳተፍበት ይገደዳል። የፌዴራሉ ደንብ በግቢ ውስጥ የምግብና የመጠጥ ማስታወቂያን ይገድባል፤ ክበብን ግን አይጠቅስም፤ ያንን በአካባቢያችሁ ፖሊሲ ላይ ማስጨመር የእናንተ ሥራ ነው። ዌይት ዎቸርስ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ኩርቦ የተባለ መተግበሪያ በ2019 አውጥቶ ነበር። በ2022 ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና መረጃውን ለማጥፋት ተስማማ። በር ላይ ያለው ማስታወቂያ ነገ በልጁ ስልክ ላይ ነው የሚመጣው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ባነሩን የሚያጠናክረው የእኛው አፍ ነው። አክስት ከደጅ ገና ሳትገባ "ውይ፣ ወፈርሽ!" ትላለች፤ አገር ቤት ምርቃት ነበር፣ እዚህ ለተወለደችው ልጅ ግን ስድብ ነው። አክስትን አስቀድማችሁ በስልክ አስጠንቅቁ። ልጅ ስለ ባነሩ ከጠየቀች "ለትልልቅ ሰዎች ነው፤ ያንቺ ሰውነት ገና እያደገ ነው" ማለት ይበቃል። ጾምንም ከማቅጠን ጋር አታገናኙ፤ "ሁዳዴ መጣልኝ፣ ልቀንስ ነው" የሚል ቀልድ ልጅ ፊት አይነገር።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። ምግብ መሸሽ የጀመረች ልጅ ከሁሉ የሚቀላት ሰበብ "ጾም ነኝ" ነው፤ መምህሯም አክብራ ትተዋታለች። የቀን መቁጠሪያውን ከእሷ ጋር እዩ። በፍስክ ቀንም ጾም ነኝ ካለች፣ ከሰዓት በኋላ የጾም ምግብ ሲቀርብላትም ካልበላች፣ ሚዛን ላይ ደጋግማ ከወጣች፣ ቁመቷ ሲጨምር ክብደቷ ከቆመ ወይም ከወረደ፣ ጂፒ ዘንድ ሂዱ። "አልበላ አለች" ብቻ አትበሉ፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ምን እንደተወች፣ የቀድሞና የአሁን ክብደቷን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፣ ወደ ልጆች የአመጋገብ ችግር ክፍል እንዲልኳት በግልጽ ጠይቁ። በብዙ አካባቢ ወላጅ ራሱ በቀጥታ ማመልከት ይችላል። የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ፣ የኤን.ኤች.ኤስ፣ መለኪያ አስቸኳይ ከሆነ በ1 ሳምንት፣ ካልሆነ በ4 ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲጀመር ነው፤ ቀኑ ካለፈ ደውላችሁ ያንኑ ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁ።