«ምነው እንዲህ ከሳሽ?»፦ ስለ ክብደትና ስለ ሰው አፍ ጥያቄና መልስ

37 ኪሎ እንዴት እንደቀነስኩ ከጻፍኩላችሁ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ምግብና ስለ እግር መንገድ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ስለ ምግቡ የጠየቀኝ ጥቂት ነው። የበዛው ስለ ሰው አፍ ነው። ጥርም ገባ፤ የጥምቀትና የሰርግ ወር ነው፤ ዓመት ያልተያየ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት። ስለዚህ ዛሬ ለእነዚህ ብቻ ልመልስ።

«በአንድ ዓመት ከመንፈቅ 34 ኪሎ ቀነስኩ። በእግሬ እየሄድኩ፣ ዘይትና ስኳር እየተውኩ ነው። የስኳር በሽታዬም ተሻለኝ። ግን ለቅሶ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሴቶቹ እጄን ይዘው ‹ምነው እንዲህ ከሳሽ? ምን አገኘሽ?› ይሉኛል። አንዷማ ‹ልጆቹን ለማን ልትተያቸው ነው?› ብላ አለቀሰች። አሁን ለቅሶ መሄድ ፈርቻለሁ።» (ከመሐል ሜዳ)

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ደርሶብኛል። ደብረ ሲና ለቅሶ ሄጄ የእናቴ ጓደኛ ክንዴን በጣቶቻቸው ለኩት። ምንም አላሉም። ከንፈራቸውን መጠጡ። ያ ከንፈር መምጠጥ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ «እውነት ታምሜ ይሆን?» አልኩ።

ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ጋ ክሳት የደስታ ወሬ ሆኖ አያውቅም። እናቶቻችን 1977ን አይተዋል፤ ያ ድርቅ ሰሜን ሸዋንም አልማረም። ከዚያ ደግሞ ኤችአይቪ መጣ። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ሰው ይከሳል፣ አልጋ ይይዛል፣ ይቀበራል። ቅደም ተከተሉን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። ያቺ ሴት አንቺን ስታይ የቀበረችው ሰው ትዝ ብሏት ይሆናል። ወፈር ያለን ሰው «ተመችቶታል» የምንለውም ከዚያው ታሪክ የመጣ ነው።

ይህን የምልሽ ዝም ብለሽ ቻይው ለማለት አይደለም። የፈሩትን ካወቅሽ መልሱ ይቀልሻል፤ መጀመሪያ ፍርሃታቸውን አብርጂላቸው። አንድ አጭር መልስ አዘጋጅተሽ ያዢ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እትዬ፣ ሐኪም ቀንሺ ብሎኝ ሆን ብዬ ነው፤ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎስ፣ ያ እግርዎን እንዴት አደረገዎት?» «ሆን ብዬ» የምትለዋ ቃል ብዙ ትሠራለች፤ እንዳትረሻት። የኪሎ ቁጥር ግን አትጥሪ። ቁጥር ከጠራሽ ወሬው ሌላ ለቅሶ ቤት ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሁነኛ ሰው ያዢ። እናትሽ ትሁን፣ የዕድር ጓደኛሽ ትሁን፣ «ደህና ናት፣ ሐኪም አዝዟት ነው» ብላ ቀድማ ታውራልሽ። አንቺ አሥር ጊዜ ከምትናገሪው የእሷ አንድ ጊዜ ይታመናል።

ለቅሶ ግን አትቅሪ። የቀረሽ ቀን «እውነትም ታማለች» ይባላል። ደግሞ ሐዘንተኛው የአንቺን መምጣት እንጂ የአንቺን ኪሎ አይቆጥርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርሽ። የስኳር መድኃኒት አሁንም የምትወስጂ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይየው። ክብደት ሲወርድ የድሮው መጠን ስኳርን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል፤ በተለይ በጾም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ ከመጣብሽ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ቅመሽ፣ ከዚያ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ።

«41 ኪሎ ነው የቀነስኩት። ሁሉም ያደንቀኛል። ‹አሁን ገና ሰው መሰልክ!› ይሉኛል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌሊት እያሰብኩት ይከፋኛል። ምስጋና እንዴት ያማል?» (ከሸዋ ሮቢት)

ያማል ወንድሜ። «አሁን ሰው መሰልክ» ሲሉህ «ያኔ አትመስልም ነበር» ብለውሃል። ሳያስቡት ነው የሚሉት፣ ግን ጆሮህ በትክክል ሰምቷል።

ያኔ የነበረው ሰው እኮ አንተው ነህ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሰው እየሳቀበት የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር የተራመደው ያ ወፍራሙ ልጅ ነው። ቀጭኑ የመጣው በእሱ እግር ነው። እሱን ሲሰድቡት ዝም ብለህ ካመሰገንክ ውስጥህ መከፋቱ ልክ ነው።

ስለዚህ ሲያሞግሱህ እንዲህ በል፦ «አመሰግናለሁ። ያኔም ሰው ነበርኩ፤ አሁን ጉልበቴን ተሻለኝ።» ድምፅህን አታንሳ፣ ፈገግ ብለህ በለው። የሚወድህ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እኔ እንዲህ ያልኳት አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ እጄን ይዛ «ይቅርታ» ብላኛለች።

የሙገሳ ሌላው ችግር ዕዳ መሆኑ ነው። ክብደት ሲወርድ ሰውነት ዝም ብሎ አይቀበልም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚናገረው ይቀንሳል፤ የቀለለ ሰውነት ደግሞ በቀን የሚያቃጥለው ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከቀነሰው ላይ የተወሰነውን መልሶ የሚይዘው። ስንፍና አይደለም። ግን በሰው ጭብጨባ ላይ የተደገፍክ ከሆነ አራት ኪሎ የተመለሰ ቀን ከሰው ትደበቃለህ። እኔ ስድስት ኪሎ ሲመለስብኝ ሁለት ወር ማኅበር ቀርቻለሁ። «ተመለስሽ እንዴ?» እንዳይሉኝ ብዬ። በእነዚያ ሁለት ወሮች ውስጥ አንዲት የማኅበራችን እናት አረፉ፤ ሳልሰናበታቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ እንዲህ እንዳታደርግ።

«የሥራ ባልደረቦቼ በየሳምንቱ ‹አሁን ስንት ኪሎ ገባህ?› ይሉኛል። ምን ልበል?» (ከደብረ ብርሃን)

«እሱን ለሐኪሜ ነው የምነግረው» በል፣ ከዚያ ስለ ሥራ አውራ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከመለስክ ሦስተኛ አይጠይቁህም።

«እናቴ እነዋሪ ናት። ስመጣ ዶሮ ሠርታ ትጠብቀኛለች። እንደ ድሮው ካልበላሁ ‹የእኔ እጅ ሰለቸህ?› ብላ ፊቷ ይጠቁራል። አክስቶቼ ደግሞ ‹የጂሩ ልጅ እንዲህ ይከሳል?› ይላሉ። ጉርሻ እምቢ ማለትም አልቻልኩም።»

እምቢ አትበል። ጉርሻ ክብር ነው።

የጂሩ ሰው በሰንጋው የታወቀ ነው። የሰባ በሬ ያወጣ ገበሬ በገበያው መሐል አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። እናትህም አንተን ስታይ ያሳደገችበት እጇ ነው የሚታያት። አንተ ከሳህ ሲባል ጎረቤት የሚጠይቀው እሷን ነው፤ «ምን አጉድለሽበት ነው?» ይሏታል። ፊቷ የሚጠቁረው ለዚህ ይመስለኛል።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ? የመጀመሪያውን ጉረስ፣ ሁለተኛውንም ጉረስ። ሦስተኛው ሲመጣ አንተ ጠቅልለህ አጉርሳት። እናት ልጇ ሲያጎርሳት እምቢ አትልም፣ ትስቃለች፣ ሳህኑም ይረሳል። ለእሷ ስትል ከወጧ አትቀንስ። የምትቀንሰው ከለስላሳው ላይ ነው፤ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፤ የእናትህ እጅም የለበትም።

ስትመለስ ደግሞ «እማዬ፣ ቆሎ ቋጥሪልኝ፣ በሶም ካለሽ» በላት። መንገድ ላይ የምትበላው ከእሷ ቤት የወጣ መሆኑን ስታውቅ ልቧ ያርፋል። አክስቶችህን በተመለከተ፣ እናትህ ካመነችህ እሷው ትመልስልሃለች።

«ሦስት ወር ሆኖኛል፣ ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፋል። ብርድም አልችል አልኩ። ጎረቤቶቼ ‹ዓይን በልቶሻል› ይሉኛል።» (ከአንኮበር)

ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር መርገፉ የታወቀ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል፣ መልሶም ይበቅላል። ብርዱም ምክንያት አለው። ስብ ሙቀት ይይዝልን ነበር፤ ያነሰ ሰውነት ደግሞ የሚያመነጨው ሙቀት ያንሳል። በደጋው ብርድ ላይ ይህ ሲጨመር አስቢው። እኔም እዚህ ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመጀመሪያውን ጥቅምት ጋቢ ደርቤ ነው ያለፍኩት።

ምግብሽን ግን እዪው። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ በፍስኩ ደግሞ እንቁላልና ወተት አይጉደሉሽ። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ፀጉር ያረግፋሉ፣ ያስበርዳሉ፤ ስለዚህ ደምሽን ተመርመሪ። ጠበል መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፣ እምነትሽ ነው፤ ምርመራውን ግን አትተዪው። ለጎረቤቶችሽ «ይመለሳል ብለውኛል» ማለት ይበቃል።

«ሁሉም ‹አማረብሽ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?› ይሉኛል። እኔ ግን ምንም አላደረግኩም። ከመስከረም ወዲህ ዘጠኝ ኪሎ ወርዷል። ደስ ይበለኝ?»

እህቴ፣ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ይህን መልስ ቶሎ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሳያስቡት ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከክብደት 5 በመቶ በላይ ከወረደ መመርመር ይገባል። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። አንቺ በጥቂት ወራት ዘጠኝ ወርዶብሻል።

ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ካለሽ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነፃ ነው። ውኃ ጥምና ሽንት ከበዛብሽ ስኳር ይሆናል። የታይሮይድ፣ የአንጀት፣ ወይም የከባድ ሐዘን ነገርም ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ቀላል ነገር ነው። ግን «አማረብሽ» ያለሽ ሰው አልመረመረሽም። ውጤቱን ስትሰሚ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

«ባለቤቴ መጀመሪያ ይደግፈኝ ነበር። 25 ኪሎ ከቀነስኩ ወዲህ ‹ለማን ልታምሪ ነው?› ማለት ጀምሯል።» (ከአረርቲ)

ይህ ፈርቶ ይመስለኛል። ሰው «አማረባት» ባለ ቁጥር እሱ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁም ባልተቆጣችሁበት ሰዓት፣ «ምን ፈራህ?» ብለሽ ጠይቂው፣ መልሱንም ጨርሰሽ ስሚው። ከዚያ ለምን እንደቀነስሽ ንገሪው፤ ወገብሽን፣ ደረጃ መውጣቱን፣ እንቅልፉን። ማታ ማታ አብራችሁ በእግር ብትወጡ ደግሞ ከንግግር ይበልጣል።

ነገሩ ከቃል ካለፈ ግን የክብደት ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። ስልክሽን መበርበር፣ ከቤት እንዳትወጪ መከልከል፣ እጅ ማንሳት ከመጣ ለቤተሰብሽና ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ንገሪ። እጅ ከተነሳ ሽማግሌ ብቻ አይበቃም፤ የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ አሉ። ዘጠና አምስት ኪሎም ብትሆኚ፣ ሰባም ብትሆኚ፣ ማንም ሊመታሽ አይገባም።

«እኔ ደግሞ ጠያቂዋ ነኝ። ጎረቤቴ በጣም ከሳች። ታማ እንደሆን ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ ግን ጽሑፍሽን ካነበብኩ ወዲህ ፈራሁ። ምን ልበላት?» (ከደብረ ብርሃን)

ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። እንደ አንቺ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ብናገኝ ከላይ ካሉት ደብዳቤዎች ግማሹ አይጻፍም ነበር።

ቡና አፍልተሽ ጥሪያት። ስለ ሰውነቷ ምንም አታንሺ፣ ለክፉም ለደግም። «እንዴት ሰነበትሽ? ሰላም ነሽ ወይ?» በያት። አቦሉ ላይ ስለ ኑሮ ውድነቱ አውሩ፣ ቶናው ላይ ስለ ልጆቹ። አትቸኩዪ። ታማ ከሆነና ልትነግርሽ ከፈለገች በረካው ላይ ራሷ ታነሳዋለች። ካላነሳችውም ቡና ጠጥታችሁ ተለያዩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመሽ ጥሪያት። ብቻ ለብቻዋ ይሁን። ሌላ ሰው ካለ አትናገርም።